60ኛው ደቂቃ ላይ ምን እንጠጣ?

የእሁድ ቡድናችንን መዋጮ የምይዘው እኔ ነኝ። ጎበዝ ሒሳብ ያዥ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሌላ ሰው እሺ ስላላለ ነው። ኳሱ፣ ማሊያው፣ የሜዳው ክፍያ ችግር የለውም። የሚያጣላን መጠጥ ነው። ግማሾቹ ያ ሰማያዊው የስፖርት መጠጥ ካልተገዛ እግራችን አይነሳም ይላሉ። ግማሾቹ ውሃ ምን ጎደለው ይላሉ። ፈጣኑ የመስመር ተጫዋቻችን ደግሞ ሁለቱንም ይጋትና በሁለተኛው አጋማሽ ጎኑን ይዞ ይቆማል፤ ሆዴ ውስጥ ይንቦጫቦጫል ባይ ነው። ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ነገር ብቻ አለ። 60ኛው ደቂቃ ላይ እናልቃለን። ኳሱ በአጠገባችን ሲያልፍ በዓይናችን እንሸኘዋለን።

አንድ ምሽት ሦስት ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ጀርባቸውን ማንበብ ጀመርኩ። የፊታቸውን ተዉት፣ ፊታቸው ላይ መብረቅ ነው የተሳለው። የጀርባው ጽሑፍ ጉንዳን ስለሚያክል ስልኬን አውጥቼ በካሜራ አጎላሁት። አንደኛው በ100 ሚሊ ሊትር 6 ግራም ስኳርና 45 ሚሊ ግራም ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) አለው። ሁለተኛው 11 ግራም ስኳር፣ በዚያ ላይ ካፌይን። ሦስተኛው ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፣ ቀለምና ጣዕም ነው። ይህንን ሁሉ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ለጠፍኩና ከሥሩ አቋሜን አስቀመጥኩ፦ የስፖርት መጠጥ ማለት ቀለም የገባበት ስኳር ውሃ ነው፣ ለእኛ ዓይነት ተጫዋች ውሃ ይበቃል፣ ከተሳሳትኩ አስረዱኝ። አስረዱኝ ማለቴ ነው ጥፋቴ። ማታ ለጥፌው ጠዋት ስነሳ 14 መልስ ጠበቀኝ።

ከዚህ በታች መልሶቹን በተራቸው፣ በራሴ አነጋገር ነው የማወራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ አጭር ነበር። ሙሉ በሙሉ ይስማማል። ውሃና ሙዝ ይበቃል፣ የቀረው ማስታወቂያ ነው። ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ 2ኛው መልስ ቆየ።

2ኛውን የጻፈው የአካል ብቃት አሰልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ነው። ጨዋ ነው፣ ወንድሜ እያለ ነው የሚያርመኝ፣ ግን አልማረኝም። ስኳር ውሃ የሚለውን እንደ ስድብ መጠቀሜ ገርሞታል። ምክንያቱም 60ኛው ደቂቃ ላይ የሚጎድለን ራሱ ስኳሩ ነው። ሙሉ ጨዋታ የሚጫወት ባለሙያ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ያውም በአንድ ፍጥነት ሳይሆን ቆሞ፣ ፈትለክ ብሎ፣ ዘሎ፣ ዞሮ ተመልሶ። ለዚህ ሁሉ ነዳጁ ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው ግላይኮጅን ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ከጡንቻ ክሮቹ ግማሽ ያህሉ ግላይኮጅናቸው ተሟጦ ወይም ሊሟጠጥ ተቃርቦ እንደሚገኝ በተጫዋቾች ላይ ተለክቷል። ለዚህ ነው ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚፈጅ እንቅስቃሴ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚመከረው። የእኔ የመጀመሪያው ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ከሆነ 30 ግራም ስኳር ይዟል። አንድ ጠርሙስ የሰዓቱን ዝቅተኛ ልክ ሸፈነ ማለት ነው። ውሃው ዜሮ። ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት። ልክ ነው።

ሰውየው በዚህ አላበቃም። ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ መጣ። 11 ግራም ሲባል የበለጠ ጉልበት ይመስላል፣ ሆድ ግን እንደዚያ አያስብም። ከ6 እስከ 8 በመቶ ስኳር ያለው መጠጥ ክምችቱ ከደም ጋር ይቀራረባል፣ ኢሶቶኒክ የሚሉት እሱን ነው፤ ከጨጓራ ሳይዘገይ ይወጣል። 10 በመቶ ሲያልፍ ግን ጨጓራ ውስጥ ይከርማል። አንጀት ሲደርስም ለማቅጠኛ የሚሆን ውሃ ከራሱ ከሰውነት ይስባል። ለስላሳውም ኢነርጂ የሚባለውም እዚህ ምድብ ናቸው። ለመሆኑ ሆዱ የሚንቦጫቦጨው ልጅ የሚጠጣው የትኛውን ነው ሲል ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ልጁ ያገኘውን ነው የሚጠጣው።

3ኛው ታሪክ ወዳድ ነው። ከጥያቄዬ ጋር ብዙም አይገናኝም፣ ግን በደስታ አነበብኩት። 1965 ላይ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ አሰልጣኞች አንዱ የኩላሊት ሐኪሙን ሮበርት ኬድን ያልተለመደ ነገር ይጠይቀዋል፤ ተጫዋቾቹ በጨዋታ ጊዜ ሽንታቸው ለምን አይመጣም? ውሃው ሁሉ በላብ እያለቀ ነበራ። ኬድና ባልደረቦቹ ውሃ፣ ስኳርና ጨው ቀላቀሉ። አፍ ላይ የሚቀመጥ ነገር አልነበረም። ሎሚ ጨምሩበት ያለችው የኬድ ሚስት ናት። ቡድኑ ጌተርስ ስለሚባል መጠጡም ጌተሬድ ተባለ። እንግዲህ ዛሬ ጠርሙስ ላይ መብረቅ የሚሳልለት ነገር መነሻው ያቺ የሽንት ጥያቄ ናት።

4ኛው ወዲያው ዘለለበት። የአሜሪካን ፉትቦል የእኛ ኳስ አይደለም አለ፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ። እነሱ በየደቂቃው ቆመው ይጠጣሉ። እኛ 45 ደቂቃ ሙሉ ኳስ ከሜዳ እስክትወጣ ነው የምንጠብቀው። ስለዚህ የመጠጡ ዓይነት ላይ ከመጨቃጨቅ በፊት መቼ ትጠጣላችሁ የሚለውን መልሱ ባይ ነው። ይህ ነገር ገባኝ። እኛ የምንጠጣው በእረፍት ብቻ ነው። ያውም በአንድ ትንፋሽ፣ ግማሽ ሊትር፣ ከዚያ ሩጫ።

5ኛው በረኛ ነው። እሱ ሁልጊዜ ጠርሙሱ መረቡ ሥር ስላለ ችግሩ እንዳልገባው ጻፈ። ሦስት ሰው ሳቀለት።

6ኛው ዳኛ ነኝ አለና ሕጉን አመጣ። የጨዋታ ሕግ 7 ሁለት ዓይነት እረፍት ይፈቅዳል። የመጠጥ እረፍት ከ1 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። የማቀዝቀዣ እረፍት ደግሞ ከ90 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ ነው። የውድድሩ ደንብ ከፈቀደ የሚቀረው ከዳኛው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ብቻ ነው። በ2014 የብራዚል ዓለም ዋንጫ የማቀዝቀዣ እረፍት የሚሰጠው ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሲያልፍ ነበር። 7ኛው ይህን አንብቦ፣ እኛ ጋ ሙቀቱ 32 ገብቶ አያውቅም፣ ስለዚህ አይመለከተንም ብሎ ዘጋው። 8ኛው ከአፉ ነጠቀው። ያ 32 ተራ ቴርሞሜትር ላይ የሚነበበው አይደለም። የአየሩን እርጥበት፣ የፀሐዩን ጨረርና ንፋሱን አንድ ላይ የሚያሰላ ሌላ መለኪያ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ያን ያህል ሳያስፈራ ሰው ሊወድቅ ይችላል። 7ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ምናልባት ተከፍቶ ይሆናል።

9ኛው መልስ ላይ አየሩ ተቀየረ። ይሄኛው ጨዋነት አያውቅም። በእሱ ዓይን ሁላችንም ተሸውደናል። ሉኮዜድ የሚባለውን መጠጥ ምሳሌ አደረገ። በ1927 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ፋርማሲስት ሲሠራው ለበሽተኛ ነበር። ያንኑ የታመመ ሰው መጠጥ በ1980ዎቹ የስፖርተኛ መጠጥ ብለው ሸጡት። ፈሳሹ ሳይሆን ማስታወቂያው ነው የሮጠው። ከዚያ በ2012 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጣውን ምርመራ ጠቀሰ። ስለ ውሃ ጥማትና ስለ ስፖርት መጠጥ የምናውቀው ብዙው ነገር ከመጠጥ አምራቾች ጋር የገንዘብ ግንኙነት ካላቸው ተመራማሪዎች የመጣ መሆኑን ያሳየ ነው። 2ኛውንም ስንት ተከፈለህ ብሎ ጠየቀው። እኔ ግን በልቤ ይህን ሰው ወደድኩት፣ ከእኔ ወገን ነዋ።

10ኛዋ ነርስ ናት። እሳቱ መሃል ገብታ በለሆሳስ ነው የጻፈችው። ስለ ስኳሩ አልተከራከረችም። እሷን ያሳሰባት ውሃ ምን ጎደለው የሚለው ወገን ነው። ውሃም ከልኩ ሲያልፍ ይገድላል። በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ከ488 ሯጮች ደም ተወስዶ ሲታይ 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ ከሩጫው በኋላ ክብደት የጨመሩ ናቸው። አስቡት፣ አራት ሰዓት ሮጦ መክበድ። የስፖርት መጠጡም ቢሆን በብዛት ከተጠጣ አያድንም፤ ሶዲየሙ ከላብ ሶዲየም ያነሰ ነው። 90 ደቂቃ ኳስ ላይ እዚያ መድረስ ከባድ ቢሆንም፣ የሚጋት ሰው ካላችሁ ልብ በሉት ብላ ዘጋች። የሚጋት ሰው አለን።

ከ11 እስከ 14 ያለው ድብድብ ነው። 11ኛው ለ9ኛው መለሰ። ኩባንያ የከፈለበት ጥናት ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም፣ መመርመር ያለበት አሠራሩ ነው አለ። ለምሳሌ በ2004 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ብስክሌተኞች ለአንድ ሰዓት ያህል ሲጋልቡ ጣዕም የሌለው የካርቦሃይድሬት ውሃ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተፉት። አልዋጡትም። ሆኖም ንጹሕ ውሃ ከተጉመጠመጡበት ቀን 3 በመቶ ገደማ ፈጠኑ። አፍ ውስጥ ያለ ስሜት ለአንጎል ነዳጅ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ያደርሳል ማለት ነው። 12ኛው ይህን ቀልድ አደረገው፤ ቀጥሎ በዓይን ማየትም ያፈጥናል ትሉናላችሁ አለ። 9ኛው በ13ኛ ቁጥር ተመልሶ መጣና ከስኳር ወደ ስድብ ተሻገረ። የመድረኩ አስተባባሪ በ14 ገብቶ አንድ መስመር ሰርዞ አስጠነቀቀ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

15ኛዋ እናት ናት፣ ልጇ 13 ዓመቱ ነው። ልጁ ልምምድ በሄደ ቁጥር ሁለት ዩቲዩበሮች በ2022 ያወጡትን ፕራይም የሚባለውን ካልገዛሽ ይላታል። ጓደኞቹ ባዶ ጠርሙሱን እንኳ እየሞሉ ይዘውት ይዞራሉ። ይጠቅመዋል ወይ ነው ጥያቄዋ።

16ኛው መልስ በውይይቱ ክር ውስጥ በጣም ከተወደዱት አንዱ ሆነ። ጸሐፊው ምንም አልተሳደበም፣ የጀርባውን ቁጥር ብቻ አነበበ። ግማሽ ሊትሩ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ሶዲየምና 700 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አለ፣ ስኳሩ ከ2 ግራም አይበልጥም። በላብ የሚወጣው ግን በዋናነት ሶዲየም ነው። አንድ ሊትር ላብ ከግማሽ ግራም እስከ 2 ግራም ሶዲየም ይዞ ሊወጣ ይችላል። ጉልበት የሚሰጥ ስኳርም የለውም። ስለዚህ ጣፋጭ ውሃ ነው፤ ልጁ በእሱ ሰበብ ውሃ ከጠጣ ክፋት የለውም፣ ኳሱን ግን አያሻሽልለትም። ጠንቀቅ ማለት ያለባት ሌላ ነገር ላይ ነው። በዚያው ስም የሚሸጥ የኢነርጂ ዓይነት አለ። ጣሳው ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 ኢነርጂ መጠጥ ለልጅና ለወጣት ምንም ቦታ እንደሌለው፣ የስፖርት መጠጥም ለአብዛኛው ልጅ እንደማያስፈልገው ጽፏል። አንድ ሰዓት ለማይሞላ ልምምድ ውሃ። እናትየው አመሰገነች። እኔም የእኛን ሦስተኛ ጠርሙስ አስታወስኩ፤ እሱም የዚህ ዘመድ ነው። ስኳር ስለሌለው ጤናማ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለ60ኛው ደቂቃ ያንኑ የሚያስፈልገንን ነው ያወጡለት።

17ኛው የጥርስ ሐኪም ነው። ያላሰብነውን አመጣ። የጥርስ መስተዋት የአሲድ መለኪያው ከ5.5 በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ አብዛኞቹ የስፖርት መጠጦች ደግሞ ከ4 በታች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ በ8 ክለቦች 187 ባለሙያ ተጫዋቾች ጥርሳቸው ሲታይ 37 በመቶ ገደማዎቹ ያልታከመ የተበላ ጥርስ ነበራቸው። ሐኪም ያለው፣ ገንዘብ ያለው ሰው ነው እንግዲህ። ለዚህ ተጠያቂው መጠጥ ብቻ እንዳልሆነ ራሱ ተናግሯል። ግን ምክር ሰጠ፦ ጠጡና ዋጡት፣ አፋችሁ ውስጥ አታንከባልሉት፣ በኋላ በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ወዲያው ጥርስ አትቦርሹ።

18ኛው ይህን ጊዜ ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። 11ኛው ተጉመጥመጡ አለን፣ 17ኛው አታንከባልሉት አለን፣ የትኛው ነው የሚሰማው? እውነትም መልስ የሰጠ የለም። እኔ የጥርስ ሐኪሙን መረጥኩ። 3 በመቶ ብፈጥንም ከእኔ በኋላ የሚመጣው ተከላካይ ይደርስብኛል።

19ኛው ገንዘብ ማውጣት ለምን አስፈለገ ብሎ ቤት የሚሠራ ቅመማ ለጠፈ። አንድ ሊትር ውሃ፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው። 20ኛዋ ፋርማሲስት እዚህ ጋ ደሟ ፈላ። የሾርባ ማንኪያ ጨው 18 ግራም ገደማ ነው። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም አለው። ስለዚህ ሰውየው የባህር ውሃ ግማሹን ሊያጠጣን ነው፣ ያ ደግሞ ያስታውካል እንጂ አያስሮጥም። ትክክለኛውን ጻፈች፦ ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ስኳር፣ በልሙጥ የሻይ ማንኪያ 15 ያህል፣ ጨው ደግሞ የሻይ ማንኪያ ሩብ። ሩቡ 1.5 ግራም ጨው ይሆናል፣ ውስጡ 600 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለ። ሎሚው ለጣዕም። 19ኛው የሻይ ልል ፈልጌ ነው አለ። ቢሆንም ሙሉ የሻይ ማንኪያም በዝቷል ተባለ። አንዱ ከሥር ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ብሎ ቀለደበት።

እሷው ላይ ሌላ ሰው ኦአርኤስስ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። መለሰችለት። የዓለም ጤና ድርጅት ቅመም በሊትር 2.6 ግራም ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ ነው ያለው። ተቅማጥ የያዘውን ሰው ውሃ ለመመለስ የተሠራ ነው። ጨው የሚበዛበት ላብ ያለው ሰው ከጨዋታ በኋላ ቢጠጣው አይጎዳም። ለእግር ጉልበት ግን ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ከስፖርት መጠጥ ሩብ እንኳ አይሞላም።

ቤት ሠራሁት። ልንገራችሁ፦ ጨው ያለበት አይመስልም፣ ሎሚ ውሃ ነው የሚመስለው። ግን 15 ማንኪያ ስኳር አንድ በአንድ ስትጨምር፣ 9ኛው ላይ እጅህ ይቆማል። ጠርሙስ ውስጥ ተሟሙቶ ሲመጣ ያላየኸውን በዓይንህ ታየዋለህ።

21ኛው ወደ ጡንቻ መሸማቀቅ ወሰደን። እሱ በ80ኛው ደቂቃ ባቱን ክራምፕ ሳይዘው ጨርሶ አያውቅም። ጥቁር ማሊያ ሲለብስ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው ካርታ ይወጣል። ሲደርቅ ይፈረፈራል። ስለዚህ ጨው ነው የጎደለኝ ብሎ ያምናል። 22ኛው አሰልጣኝ በከፊል ብቻ ተስማማ። ያ ነጭ ካርታ ጨው በብዛት የሚያልበው ሰው ምልክት መሆኑ እውነት ነው፣ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ምግቡ ላይ ጨው ቢጨምር ጥሩ ነው። ክራምፕን ግን ጨው ብቻውን አያመጣውም፣ የደከመ ጡንቻ ነርቩ ሲምታታበት የሚከሰትም ነው። በጨውና በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር ውሃ ተጎንጭተው ክራምፕ የሚለቃቸውን ተጫዋቾች ምሳሌ አመጣ። በ2010 በወጣ ሙከራ ክራምፑ በአማካይ በ85 ሰከንድ ውስጥ ለቋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጨው ከሆድ አልፎ ደም ውስጥ ገብቶ ባት አይደርስም። ጉሮሮ ላይ ያለው ኃይለኛ ጣዕም ነርቩን የሚያስደነግጠው ይመስላል። ለልጁ ያለው ምክር ቅዝቅዝ ያለ ነው፦ ልምምድ አብዛ። 21ኛው አልወደደውም።

ከዚያ ክሩ ከሜዳ ወጣ። 23ኛው ክርስቲያኖ ሮናልዶን አመጣ። ሰኔ 2021 ቡዳፔስት ላይ ጋዜጣዊ መግለጫ ሊሰጥ ተቀምጦ ሁለት የኮካ ኮላ ጠርሙስ ገፋ አድርጎ ውሃ ከፍ አድርጎ አሳየ። በዚያች እጅ ኩባንያው ቢሊዮኖች ዶላር አጣ ተብሎ ተወራ፤ 23ኛውም ያንኑ ደገመው። 24ኛው አረመው፣ የአክሲዮኑ ዋጋ መውረድ የጀመረው ሮናልዶ ከመቀመጡ በፊት ነው። 25ኛው የመሲ ደጋፊ ነው። የጻፈውን መገመት ትችላላችሁ፣ ከመጠጥ ጋር ግንኙነት የለውም። ስድስት ንዑስ መልስ ተከተለው። አልፌዋለሁ።

ክሩን ወደ ሜዳ የመለሱት 26ኛው ናቸው። አንቱ የምላቸው ከአጻጻፋቸው ነው፤ ልጆች እያሉ ነው የሚጽፉት፣ አርባ ዓመት ታዳጊ አሰልጥኛለሁ ይላሉ። ሁላችንንም ገሰጹን። ስንት ሊትር እንደሚያልባችሁ ሳታውቁ ምን እንጠጣ ብላችሁ ትከራከራላችሁ አሉ። መድኃኒቱ የቤት ሚዛን ነው። ከጨዋታ በፊት ተመዘኑ፣ ከጨዋታ በኋላ ላባችሁን አብሳችሁ ተመዘኑ፣ መሃል የጠጣችሁትን ደምሩበት። የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ላብ ነው። ከክብደቱ ከ2 በመቶ በላይ የጎደለበት ሰው በሚቀጥለው ጨዋታ ይጨምር። ያልጎደለበት ይተወው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጠርሙስ መግዛት ለሁሉም አንድ ቁጥር ታኬታ እንደ መግዛት ነው አሉ። ከጨዋታ በኋላ ደግሞ ምግባችሁን በጨው ብሉ፣ ወተትም ጠጡ፤ ወተት ውሃን ሰውነት ውስጥ በማቆየት ከብዙዎቹ የስፖርት መጠጦች ይበልጣል።

27ኛው የእኔ ነው። እሁድ ሚዛን ይዤ ሄድኩ። ሙድ ያዙብኝ፣ ሥጋ ልትሸጠን ነው እያሉ። 14 ሰው መዘንኩ። ውጤቱን ለጠፍኩ። የመሃል አማካያችን 78.4 ገብቶ 76.3 ወጣ፤ በእረፍት ግማሽ ሊትር ጠጥቷል፤ 2.6 ሊትር አልቦታል ማለት ነው። ሚዛኑ ላይ የጎደለው 2.1 ኪሎ ከክብደቱ 2.7 በመቶ ነው። እሱ ነው ሁልጊዜ ውሃ ይበቃኛል የሚለው። በረኛው የጎደለበት 400 ግራም ነው። ሰማያዊውን በሁለት እጁ የሚይዘው ግን እሱ ነው። ተቀያሪዎቹ ምንም አልጎደለባቸውም፣ መጠጡን ግን እኩል ነው የሚካፈሉት። ይህን ሁሉ ስጽፍ አቋሜ መናዱን አመንኩ። ስኳር ውሃው ለአማካዩና ለሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ይገዛል፣ ከመጀመሪያው ጠርሙስ ዓይነት፣ በእረፍት አንዴ ሳይሆን ከ20ኛው ደቂቃ ጀምሮ ኳስ በወጣ ቁጥር ጉንጭ ጉንጭ እያሉ። ለሌሎቻችን ውሃ። ኢነርጂው ከቡድኑ ገንዘብ አይገዛም። ከሥር የመስመር ተጫዋቻችንን ቁጥር ጨመርኩ፦ 71.0 ገብቶ 71.6 ወጣ። ክብደት ጨምሯል። የነርሷን የ10ኛ መልስ ጠቅሼ፣ ይኸው በዓይናችን አየነው ብዬ ትንሽ ጎረርኩ።

28ኛው መልስ የነርሷ ናት። ልጁ ደህና መሆኑን፣ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ እንዳልነበረው አስቀድማ ጠየቀች። ከዚያ፣ ሲመዘን ምን ለብሶ እንደነበር።

ይህን ለማወቅ ልጁን ደወልኩለት። ከጨዋታ በፊት በቁምጣ ብቻ ነው የተመዘነው። ከጨዋታ በኋላ የሚሸኘው መኪና እየጠበቀው ስለነበር ሚዛኑ ላይ የወጣው በላብ በራሰ ማሊያ፣ ከነመጋጫው፣ ከነታኬታው ነው። ጭቃ ነበር ያን ቀን። እኔ ደብተሩ ላይ አጎንብሼ ቁጥር ስጽፍ አላየሁትም።

29 ብዬ ይህንኑ ለጠፍኩ። 9ኛው ሰውዬ ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ተመልሶ የሳቀ ፊት አስቀመጠ፣ ሌላ ምንም አልጻፈም። እሁድ ልጁን በባዶ እግሩ እመዝነዋለሁ።